ሐረገ ወይንን ከግቢ መሬት ወደ በርሚል ስለ ማዛወር

ለዛሬው የአትክልት ትምህርታችን የመረጥነው ነገር፣ ለብዙ ዘመን በግቢ ውስጥ ሥር ሰዶ፣ በዳስ ላይ ተዘርግቶ፣ ለባለቤቱ ጥላም ፍሬም ሲሰጥ የኖረ የወይን ሐረግ፣ ቤቱ የሚለቀቅበት ወይም ግቢው ለሌላ ሥራ የሚፈለግበት ቀን በደረሰ ጊዜ፣ ሳይሞት ከመሬት ተነሥቶ በበርሚል ወይም በሌላ መትከያ ዕቃ ውስጥ ኑሮውን የሚቀጥልበትን መንገድ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። በአዲስ አበባ በቆዩት ግቢዎች ውስጥ፣ ከበረንዳው ፊት ለፊት በእንጨትና በሽቦ የተሠራ የወይን ዳስ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ከእነዚያ ግቢዎች ብዙዎቹ ፈርሰው፣ ነዋሪዎቻቸውም መሬት ወደሌለው የኮንዶሚኒየም ፎቅ ከወጡ ወዲህ ግን፣ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በመኪና ያስጫነ የቤት ጌታ ወይኑ ዘንድ ሲደርስ ቆም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ መጥቷል። ዕቃ ቢሆን ይጫናል፤ ባሕር ዛፍ ቢሆን ይተዋል፤ ወይኑን ግን ጥሎ መሄድ ያሳዝናል፣ ይዞ መሄድም ያስቸግራል።

በአገራችን ለወይን የሚሰጠው ክብር ከጥንት የመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለቅዱስ ቁርባን የምታቀርበው ወይን ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅ ሲሆን፣ ሥራውም ከቤተ መቅደሱ ውጭ ባለችው በቤተ ልሔም በዲያቆናት እጅ ይሰናዳል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህን የዘቢብ ሥርዓት አይቶ፣ ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ መዝግቦታል። እንግዲህ ከመንበሩ ጋር እንዲህ ያለ ዝምድና ያለውን ተክል በመጋዝ መቁረጥ ለብዙ ሰው ድፍረት መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ነገር ግን በወይን ላይ ርኅራኄ ከስስት ጋር ሲቀላቀል ተክሉን ይገድለዋል። ወይኑን ሊያድን የሚወድ ሰው ዳሱን ለመተው አስቀድሞ መቁረጥ አለበት፤ ይህን ያልቆረጠ ሰው ዶማውን ባያነሣ ይሻለዋል።

ምክንያቱን ላስረዳ። በላይ በዳሱ ላይ የምናየው ቅጠል ሁሉ ቀን ሙሉ ውሃ ወደ አየር ይተነፍሳል፤ ያን ውሃ የሚያመጣለት ደግሞ በታች፣ እኛ በማናየው ስፍራ፣ ከግንዱ ብዙ ሜትር ርቆ የሄደው ሥር ነው። ተክሉን ለማንሣት የተነሣ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ ከዚህ ሥር ሊያወጣ የሚችለው ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው፤ ውሃ የሚጠጡት እጅግ የቀጠኑት የሥር ጫፎችማ ከሞላ ጎደል በሙሉ በመሬት ውስጥ ይቀራሉ። በዚህ በተረፈው ሥር ያን ሁሉ ቅጠል ለመቀለብ ማሰብ፣ በአንድ እንስራ ውሃ ሠርግ ለመደገስ እንደ መነሣት ነው። ስለዚህ የላዩን ከታቹ ጋር ማስተካከል ግድ ይሆናል፤ ዳሱን የሸፈነው ዕፀቅ ሁሉ ይወርዳል፤ የሚቀረውም ቁመቱ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ ግንድ፣ በራሱም ላይ ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ቅርንጫፎች፣ በእያንዳንዱም ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ሁለት ዓይን ብቻ ነው።

ይህን የሰማ አድማጭ ሊደነግጥ ይችላል፤ ሆኖም የወይንን ጠባይ ያወቀ ሰው አይደነግጥም። ወይን ፍሬውን የሚሰጠው፣ ባለፈው ዓመት ካደገው ቅርንጫፍ ዓይን ፈንድቶ ዘንድሮ በሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። እንዲያውም ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ሐረጉ ሽቦውን የሚጨብጥበት ቀጭን ጥምዝ ጅማትና የፍሬው ዘለላ የሚበቅሉት በአንድ ዐይነት ስፍራ፣ ከቅጠሉ አንጻር ባለው የአንጓው ጎን ነው፤ አመጣጣቸውም አንድ ሆኖ፣ ከፊሉ ዘለላ፣ ከፊሉ መጨበጫ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም ዳሱን የሞላው አሮጌ እንጨት የብዙ ዓመት ክምችት ቢሆንም፣ ለመጪው ፍሬ የሚያስፈልገው ጥቂት ብርቱ ዓይን ነው።

ወይን ለሰፊውም ለጠባቡም ቦታ እንደሚታዘዝ የሚያስረዱ ሁለት ምስክሮች ከእንግሊዝ አገር ልጥቀስ። በሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት በ1768 የተተከለ አንድ ወይን አለ፤ ሥሩ እንደ ልቡ የሚሄድበት መሬት ስለተተወለት፣ ቅርንጫፉ አንድ ትልቅ የመስታወት ቤት ሞልቶ እስከ ዛሬ ፍሬ ይሰጣል። በዚያው አገር በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ የባለጸጎች አትክልተኞች ደግሞ ወይንን በሸክላ ዕቃ አሳድገው፣ ዘለላው እንደ ተንጠለጠለ ከነተክሉ አምጥተው በግብር ጠረጴዛ ላይ ያቆሙት ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ለሥሩ የተሰጠው ቦታና የገራዡ እጅ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በረዶ በሚወርድባቸው አገሮች ወይን በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ፈጽሞ ስለሚያንቀላፋ፣ የአትክልተኛው ምርጫ ቀላል ነው። በእኛ ደጋ ግን እንቅልፉ የሰመመን ያህል ነው፤ አንዳንዱ ሐረግ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ቅጠል እንደ ያዘ ይቆያል። ቢሆንም ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ በሚበርድበትና ዝናቡ በሚርቅበት ወራት፣ እድገቱ ይዘገያል። ለማዛወር የሚሻለው ጊዜ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ የበልግ ሙቀትም ዓይኖቹን ከመቀስቀሱ በፊት ያለው ነው፤ በቀን መቁጠሪያችን ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ማለት ነው። የቀረ ቅጠል ካለ በእጅ ይራገፋል። ይህ ጊዜ አልፎ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት የተገረዘ እንደ ሆነ፣ ከተቆረጠበት ጫፍ ጥርት ያለ ውሃ ለብዙ ቀን ጠብ ጠብ ሲል ይታያል፤ ሥሩ ወደ ላይ የሰደደው ውሃ ነውና ተክሉን አይገድለውም፤ በቀለም ወይም በጭቃ ለመድፈን መድከምም አያስፈልግም። በክረምት ማዛወርን ግን አልመክርም፤ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ የተቆረጠ ሥር ሳይጠግግ ይበሰብሳል።

ከመንቀሉ ሁለት ቀን አስቀድሞ መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ይደር። ከዚያ በኋላ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ዙሪያውን ክብ ይሰመርና፣ በክቡ ላይ በአካፋ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይቆፈራል። በዚህ ጊዜ ትዕግሥት የሌለው ሰው ወፍራሙን ሥር በዶማ ደጋግሞ ይመታዋል፤ በዶማ የተመታ ሥር ግን ተሰንጥቆ ልጡ ይገፈፋል፣ ስንጥቁም የብስባሴ መግቢያ ይሆናል። ዶማው አፈሩን ብቻ ያውጣ፤ ሥሩ ሲጋለጥ በመጋዝ ወይም በተሳለ የዛፍ መቀስ ይቆረጥ። የተቆረጠውንም ፊት መመልከት ይገባል፤ የጤነኛ ሥር ውስጡ ነጣ ብሎ የረጠበ ነው፤ የጠቆረ ወይም በጣት ሲጫኑት የሚላላ ከሆነ እስከ ጤነኛው ክፍል ድረስ ደግሞ ይቆረጣል። ጥልቀቱ አንድ ክንድ በደረሰ ጊዜ ከሥር ተገብቶ የቀረው ይቆረጥና፣ ጉቶው በእርጥብ ጆንያ ላይ ተንሸራትቶ ለሁለት ሰው ይወጣል። አፈሩ ከሥሩ ላይ ቢራገፍ ብዙ አያስጨንቅም፤ በዚህ ወራት ወይን ይህን ይታገሣል። የማይታገሠው ፀሐይና ነፋስ በተራቆተ ሥሩ ላይ ሲያርፉበት ነውና፣ እስከሚተከል ድረስ ጆንያው እንደ ረጠበ ይጠቀለልበት።

ስለ መትከያው ዕቃ የምናገረው ብዙ አለኝ፤ በዚህ ሥራ ሰው ይበልጡን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። 200 ሊትር የሚይዘው የተለመደው በርሚል ለሁለት ሲቆረጥ፣ እያንዳንዳቸው 100 ሊትር ያህል የሚይዙ ሁለት መትከያዎች ይወጡታል፤ ለአሮጌ ግንድ የሚገባው ይህን ያህል ነው፤ ለወጣት ተክል 40 ወይም 50 ሊትር ይበቃዋል። በርሚሉ ቀድሞ ምን እንደ ያዘ ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን፣ ምንም ያህል በሳሙና ቢታጠብ፣ ፍሬው ለሚበላ ተክል አላደርገውም። የብረት በርሚል ደግሞ በፀሐይ ይግላል፤ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ጎን ያለው ሥር ይቃጠላል፤ ስለዚህ ወይ ነጭ ቀለም ይቀባ፣ ወይ በጆንያ ይልበስ። ለዓይን ከሁሉ የሚያምረው የተሰነጠቀ የጠላ ጋን ነው፤ ሸክላው አየር ስለሚያስገባም ለሥር ይስማማል፤ ነገር ግን ሆዱ ሰፍቶ አፉ የጠበበ በመሆኑ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥሩን ሊያድስ የሚፈልግ ሰው ወይኑን ለማውጣት ጋኑን መስበር ግድ ይሆንበታል። ጋኑን የሚሳሳለት ሰው ጽጌ ረዳ ይትከልበት።

ዕቃው ከታች ጣት የሚያስገቡ ስምንት ወይም ዐሥር ቀዳዳዎች ይኑሩት። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ፣ በሦስት ወይም በአራት ጡብ ላይ ቢቀመጥ ውሃው ከሥሩ ያለ ችግር ይወጣል። ብዙ ሰዎች ውሃ እንዲወርድ በማለት ከታች አንድ ስንዝር ጠጠር ያነጥፋሉ፤ ይህ ከአባት የተወረሰ ልማድ ቢሆንም ጥቅም የለውም። ከላይ ያለው ደቃቅ አፈር ጠግቦ እስኪሞላ ድረስ ውሃውን ይዞ ስለሚያቆየው ወደ ጠጠሩ አይለቀውም፤ ስለዚህ እርጥቡ ክፍል ከፍ ብሎ ወደ ሥሩ ይቀርባል፣ ሥሩ የሚኖርበትም ቦታ ያንኑ ያህል ይጠባል። አፈሩ እንዳይፈስ በየቀዳዳው ላይ አንድ አንድ የገል ስባሪ ይበቃል።

በፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ክብደቱን ያስብ። እርጥብ አፈር የሞላው የ100 ሊትር መትከያ ከ150 ኪሎ ይበልጣል፤ በረንዳው ጠባብና አሮጌ ከሆነ ግማሹን የሚይዝ ዕቃ ይሻላል፤ ስፍራውም ከበረንዳው ጫፍ ይልቅ ከግድግዳው ሥር ይሁን። ከመሙላቱ በፊት ባዶው ዕቃ በመጨረሻው ቦታው ይቀመጥ፤ ከሞላ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው የለም። የሚንጠባጠበው ውሃ የሚወርደው ከታች ጎረቤት ባሰጣው ልብስ ላይ እንዳይሆን ሰፊ ሳህን ማድረግም የጉርብትና ወግ ነው።

አፈሩን በሚመለከት፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ ብቻውን ለመትከያ ዕቃ አይሆንም፤ ሲረጥብ አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅም ተሰንጥቆ ከዕቃው ጎን ይለያልና የሚፈስበት ውሃ በስንጥቁ አልፎ ይወጣል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም ዓመት የሞላው የከብት ፍግ፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ቢቀላቀል መልካም ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

ግንዱ በቀድሞው መሬት ላይ እስከ ነበረበት ልክ ብቻ ይቀበራል፤ የተዳቀለ ወይን ከሆነ ደግሞ የተጋጠመበት እብጠት ከአፈር በላይ ይሁን፤ ያለዚያ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና የታችኛው ሥር ጥቅም ይቀራል። ሥሩ እንዳይታጠፍ በየአቅጣጫው ይዘርጋ፤ አፈሩ በእጅ እየተጫነ ይሙላ፤ ከአፉ አራት ጣት ያህል ጎድሎ ይተው። ከዚያ ውሃው በቀዳዳዎቹ እስኪወጣ ድረስ በቀስታ ይጠጣ። ለሁለት ሳምንት ያህል ባለበት ቦታ ከጠንካራ ፀሐይ ይከለል፤ በኋላም ቀስ በቀስ ለብርሃን ይጋለጥ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዝምታ ጊዜ ነው፤ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ጉቶውም እንደ ማገዶ እንጨት ይታያል። ብዙ ወይን የሚሞተው በዚህ ወራት ነው፤ ባለቤቱ ጨንቆት በየቀኑ ውሃ እያፈሰሰ ሥሩን ያሰጥመዋል። ቅጠል የሌለው ተክል የሚጠጣው ጥቂት ነው። በሕይወት መኖሩን ለማወቅ የፈለገ ሰው ከአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ልጡን በጥፍሩ ትንሽ ይፋቀው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለው። ውሃ የሚያስፈልገው መሆኑን ለማወቅም ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ማስገባት ነው፤ እርጥበት ካለ ተዉት፤ ከደረቀ እስኪንጠፈጠፍ አጠጡት። ቅጠሉ ከሰፋና ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በመትከያ ዕቃ ያለ ወይን ከመሬት ፈልጎ የሚያገኘው ተጨማሪ ውሃ ስለሌለ፣ በሚያዝያ ሙቀት በየቀኑ ሊጠማ ይችላል።

በመጀመሪያው ዓመት ዘለላ ብቅ ቢል ይቀንጠስ። ይህ ምክር እንደ ጭካኔ የሚቆጠርብኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሥሩ ሳይደላደል ፍሬ የተሸከመ ወይን ግን በሁለተኛው ዓመት ዋጋውን ይከፍላል። ከሚወጡት ቀንበጦች ሁለቱ ብርቱዎች ይመረጡና፣ በሸምበቆ ወይም በቀርከሃ ዘንግ ላይ በቃጫ ላላ ተደርገው ይታሰሩ፤ ሌሎቹ ይወገዱ። በሁለተኛው ዓመት ጥቂት ዘለላ ይተውለት፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በጥር እየተገረዘ፣ ከላይም አንድ ስንዝር የማይሞላ አፈር ተነሥቶ በኮምፖስት እየተተካ ይኖራል። ፍግ ማብዛት ቅጠል እንጂ ፍሬ አያበዛም። በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ ከዕቃው ወጥቶ፣ ዙሪያውን የተጠመጠመው ሥር በሁለት ጣት ውፍረት ተቆርጦ፣ በአዲስ አፈር ተመልሶ ይተከላል።

ስለ ክረምቱ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በመትከያ ዕቃ የመትከል ትልቁ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። በአገራችን ሰፊው የወይን እርሻ የሚገኘው ከአዲስ አበባ 700 ሜትር ያህል ዝቅ በሚለው፣ ሞቃትና ደረቅ በሆነው በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ነው። በደጋው የወይን ጠላት ብርዱ ሳይሆን ከሰኔ እስከ መስከረም ቅጠሉን የሚያረጥበው ዝናብ ነው፤ በረጠበ ቅጠል ላይ ሻጋታ ይነሣል፣ የበሰለው ፍሬም ተሰንጥቆ ይበሰብሳል። መሬት ላይ የተተከለው ከዚህ ዝናብ የሚሸሸግበት የለውም፤ በበርሚል ያለው ግን በሰፊ ታዛ ሥር ከተቀመጠ፣ ቅጠሉ ሳይረጥብ ሥሩ ብቻ ይጠጣል። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ የታየ እንደ ሆነም ድኝ ይነሰነስበታል፤ ይህ መድኃኒት በአውሮፓ የወይን እርሻዎች ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተፈተነ ነው። ፍሬው ሲበስል የሚመጡትን ወፎች ደግሞ መረብ ይከለክላቸዋል።

ግንዱ እጅግ አሮጌ ከሆነ፣ ወይም በሥሩ ላይ ሲሚንቶ ከፈሰሰበትና ለመቆፈር ካልተቻለ፣ ሌላ የተሻለ መንገድ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሮማዊው ካቶ፣ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ ቅርንጫፍን ከእናቱ ሳይለዩ ከሥሩ በተበሳ ማሰሮ ወይም ቅርጫት ውስጥ አሳልፎ አፈር በመሙላት ሥር እንዲያወጣ ማድረግን ያስተምራል። ዘዴው ዛሬም ይሠራል። ባለፈው ዓመት ያደገ ረጅም ቅርንጫፍ በጥር ተጎንብሶ፣ ከታች በተበሳ ባልዲ ውስጥ ያልፋል፤ አፈር ተሞልቶ እንደ ረጠበ ይጠበቃል፤ እናቱ ውሃና ምግብ እየሰጠችው ሥር ይሰዳል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከባልዲው በታች ይቆረጥና ለብቻው ይኖራል። ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ደግሞ ከተገረዘው ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያክል ውፍረት ያለውን፣ አራት አንጓ እየተወ ይቁረጥ፤ ሁለቱ አንጓ ከአፈር በታች፣ ሁለቱ በላይ ሆነው በትንሽ ዕቃ ይተከሉ፤ ደህና የተያዘ ቁራጭ በሦስተኛው ዓመት አካባቢ ፍሬ ይጀምራል። በዚህ መንገድ የተገኘው ችግኝ ያው የአባት ወይን ራሱ ነው፤ ፍሬውም ጣዕሙም አይለወጥም።

እንግዲህ በግቢያችሁ አሮጌ ወይን ያላችሁና የምትለቁበት ቀን የተቆረጠላችሁ አድማጮች፣ ጉቶውን ከመንቀላችሁ በፊት ዐሥር ያህል ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ ከእነርሱም ሁለቱን ለራሳችሁ፣ ሌላውን ለጎረቤትና ለደብራችሁ አጸድ ስጡ። የተነቀለው ጉቶ ባይጸድቅ እንኳ ዘሩ ከእጃችሁ አይጠፋም።